ደህና ነው ያልኩ ቀን

ወንድሜ ከመርከብ ወርዶ ሲመጣ ኤርፖርት የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሻንጣውን እየጎተተ ሲወጣ አላወቅሁትም። ፊቱ አብጧል፤ እግሩ አልገባ ብሎት ጫማውን ረግጦ ነው የሚሄደው። «ወፍረሃል» አልኩት እየሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ሁለት ዓመት የውጭ አገር መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ሠርቷል። ባሕር ላይ ታመመ፤ ወደብ ላይ ያየው ሐኪም ኩላሊትህ ተጎድቷል አለውና ወደ አገሩ መለሱት። ኪሱ ውስጥ ደብዳቤ ነበር። አገሩ በገባ በሦስት ቀን ውስጥ ኩባንያው በመረጠው ክሊኒክ ካልተመረመረ የካሳ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል ይላል። አንብቤ መልሼ ኪሱ የከተትኩት እኔ ነኝ።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ የሚመልሰኝ የለም። አቃቂ ቤታችን ገና ሳንገባ «መጀመሪያ ጸበል» አልኩት።

«እትዬ፣ ክሊኒኩስ?»

«ክሊኒኩ የትም አይሄድም። ሰባት ቀን ተጠመቅ፤ ከዚያ እኔው ራሴ እወስድሃለሁ።»

ለመከራከር አቅም አልነበረውም። በማግስቱ ጠዋት ጸበሉ ቦታ አደረስኩት። እዚያ ስልክ ስለማይፈቀድ የእሱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን የወንድሜ ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ። የምሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነበርኩ፤ የማሽኑ ድምፅ ስለማያሰማ ወደ በሩ ሮጥኩ። አንዲት ትሑት ሴት ከኩባንያው ወኪል ቢሮ እንደምትደውል ነገረችኝ። እህቱ ነኝ አልኳት።

«እንዴት ነው? ተሻለው?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ሰው እንዲህ ሲጠይቅ ሌላ ምን ይባላል? አባታችን ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው እንኳ ለጠያቂ ሁሉ ደህና ነው ስንል ነበር። በሽታን ለማያውቁት ሰው መዘርዘር ነውር ነው፤ ለእኔማ ማሟረት ይመስለኛል። «እዚያ አለ?» አለችኝ። ጸበል ነው ማለት አፈርኩና «ወጣ ብሏል» አልኳት። እያወራን የኮምፒውተር ቁልፍ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። አመስግና ዘጋችው።

በሰባተኛው ቀን ልወስደው ስሄድ መቆም አቅቶት ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ሆስፒታል በሳምንት ሁለት ጊዜ የኩላሊት እጥበት አዘዙለት። ያለ ካሳው እጥበቱን ብዙ እንደማንገፋበት ሁለታችንም እናውቃለን። ስለ ስልክ ጥሪው ግን አልነገርኩትም። ረስቼው ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ የካሳውን ጉዳይ የያዙልን ጠበቃ ሳሪስ ወዳለው ቢሯቸው ጠሩን። ሽማግሌ ናቸው።

«እንዴት ነህ ልጄ?» አሉት።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አላቸው፤ ደረጃውን ወጥቶ ገና ትንፋሹ አልተመለሰም።

የኩባንያውን መልስ ቀስ ብለው አነበቡልን። በሦስቱ ቀን አልቀረበም፤ ሲደወልለት እህቱ ደህና መሆኑንና ከቤት መውጣቱን ተናግራለች፤ ስለዚህ አሁን አለብኝ የሚለው ሕመም ከመርከብ ይዞት የመጣው አይደለም።

«ውሸታቸውን ነው!» አለ ወንድሜ። «ስልኬ እህቴ ጋ ነበር፤ ማንም አልደወለም። እሷን ይጠይቋት።»

ጠበቃው መነጽራቸውን አወለቁ። ወንድሜ ወደ እኔ እንኳ አልዞረም፤ ያን ያህል ያምነኛል።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አልኩ።

ይግባኝ እንላለን አሉ ጠበቃው፣ ወረቀቱን እያጠፉ። ድምፃቸው ተስፋ አልነበረውም።

ታክሲ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አቃቂ ላይ ከቀየርነው ባጃጅ ወርደን በራችን ላይ ስንደርስ ጎረቤታችን ባለሱቁ አጎንብሰው በመስኮታቸው ብቅ አሉ። የአባታችን እኩያ ናቸው፤ ወንድሜን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል።

«ልጃችን እንዴት ነው? ተሻለው?» አሉኝ።

ወንድሜ የበሩን ብረት ተደግፎ ዞሮ አየኝ። ምን እንደምል እየጠበቀ ነበር።

«ታሟል» አልኩ። «በጣም ታሟል።»

ባለሱቁ ደነገጡ።

«ኧረ በአላህ! እንዲህ አይባልም» አሉኝ። «ደህና ነው በይ።»