የውብሸት መደብ

ኮረብታው ስም አልነበረውም። ካርታ ላይ ቁጥር ነበረው ይላሉ፤ እኔ ያን ጊዜ ቁጥርም ፊደልም አላውቅም፤ ስለዚህ ለኔ ኮረብታ ብቻ ነበር። ቀይ አፈር፣ ሦስት የግራር ጉቶ፣ ከአናቱ የድንጋይ ምሽግ። በሰሜኑ የድንበር ጦርነት ጊዜ የኛ ጋንታ ከሥሩ ባለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሰፍራ ነበር። ዛሬ ስለ ጦርነት የሚያወራው ሰው በዝቷል፤ አብዛኛው ያላየውን ነው የሚያወራ። ልጆቼ ደግሞ የራሳቸው ጥያቄ አላቸው፤ «የሰው ቤት ገና በቀኑ ይገባል፤ የኛ ቤት ለምን ይዘገያል?» ይላሉ። የሁለቱም መልስ ያው ኮረብታ ነው። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

በገና ዋዜማ ጠዋት ለጋንታችን አንድ በሬ ደረሰን። ቀንዱ የተሰበረ፣ የጎን አጥንቱ የሚቆጠር በሬ ነው፤ ቢሆንም በሬ ነው። ጾሙን በደረቁ ዳቦ በኮሾሮና በምስር ነበር የከረምነው። ሲነጋ ይታረድና ቅርጫ ይሁን ተባለ። ከተማ ያደጉት ልጆች ስማችንን በወረቀት እንጻፍና ዕጣ እናውጣ አሉ። ግማሻችን ማንበብ አንችልም። የጋንታ መሪያችን «በአገር ቤት ደንብ ይሁን፤ ሁልህም ምልክትህን አምጣ» አለ።

የዛሬ ልጆች ቅርጫን የምታውቁት ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሥጋው በሰው ቁጥር እኩል ተከፍሎ መደብ መደቡን ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ሰው ራሱ የሚለየውን ነገር ይሰጣል፤ ጠጠር ይሁን፣ ስንጥር ይሁን። የማን የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ይጥላል። ዞረህ ምልክትህ የተቀመጠበትን ስታይ ያ ሥጋ ያንተ ነው። አድልዎ የለበትም። በሕይወቴ ካየሁት ነገር ሁሉ አድልዎ የሌለበት እሱ ብቻ ነው።

እኔ የጥይት ቀለህ ሰጠሁ። ውብሸት ከሚዶው አንድ ጥርስ ሰብሮ ሰጠ። ውብሸት የብቸና ልጅ ነው፤ እኔ የሞጣ። ጎፈሬውን ይወዳል። የምንጠጣው ውኃ ባልነበረን ጊዜ እንኳ ያበጥር ነበር።

«ምናለ በለኝ» አለኝ፤ «ነገ ሽንጡ የኔ መደብ ላይ ካልወደቀ ጎፈሬዬን ትላጨዋለህ።»

«ከዚህ በሬ ሽንጥ ይወጣል ብለህ ነው?»

«አንተ ዝም በል። የሞጣ ሰው ጅማትም ከደረሰው ያመሰግናል።»

ምልክቱ ሁሉ በአንድ ቆብ ተጠራቅሞ ለወጥ ቤታችን ለአያ ደምሴ ተሰጠ። ሠላሳ አንድ ነበርን።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትእዛዝ መጣ። ኮረብታው ሳይመሽ መያዝ አለበት። ለምን ዛሬ ያለ የለም። አሥር ሰዓት ላይ ተንቀሳቀስን። እኩሌታችን በግራ፣ እኛ በቀኝ። እስከ ኮረብታው ወገብ ድረስ ከምሽጉ አልተኮሱብንም። ከዚያ ብሬን መትረየሱ ጀመረ። የፊተኞቹ ወደቁ። ተኛን። ሞርታር መጣ። ተነሣን። ከሁለተኛው ጉቶ አጠገብ ውብሸት ከጎኔ ነበር። «ኮዳህን፤ ጉሮሮዬ ደረቀ» አለኝ። እጄን ወደ ወገቤ ሰደድሁ። ሞርታሩ በሱ በኩል ወደቀ። ኮዳውን ይዤ ስዞር የምሰጠው ሰው አልነበረም። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ እናቱም ከዚህ በላይ አልጠየቁኝም። ፀሐይ ስትጠልቅ ምሽጉ ውስጥ ነበርን።

በማግሥቱ፣ የገና ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሌላ ጋንታ ተካንና ወረድን። አያ ደምሴ በሬውን አርዶ፣ ሸራ ዘርግቶ፣ መድቦ፣ ምልክቱንም ጥሎ ቆሟል። አንድም መደብ አልቀነሰም።

«ምን አድርግ ትሉኛላችሁ?» አለ ሳንጠይቀው። «ተኩሱንማ ስሰማ አደርሁ። ማንን ልቀንስ? ሠላሳ አንድ ሰጣችሁኝ፣ ሠላሳ አንድ መደብሁ።»

ዞርን። ቀለሄን አገኘሁ። ሁሉም የየራሱን አነሣ። ሲያበቃ አሥራ ሁለት መደብ ቀረ። ሦስቱ በቃሬዛ ወደ ኋላ የተላኩት የቁስለኞች ናቸው። ዘጠኙ የሙታን ነው። የትኛው የማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። አንዱ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ አለ፣ አንዱ ላይ የጫማ ክር፣ አንዱ ላይ የከሰል ቁራጭ። የሚለየው ባለቤቱ ነበር፤ ባለቤቱ ኮረብታው ላይ ቀርቷል። እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው። የሚዶው ጥርስ ሽንጡ ላይ ተቀምጧል።

የጋንታ መሪው ቆቡን አወለቀ። «ብሉት» አለ። «ከሰዓት እንነሣለን። ለአሞራ አንተወውም።»

በላን። የውብሸትን እኔ በላሁ። ይህን ሲያነብ ፊቱን የሚያጨማድድ ካለ፣ ያጨማድድ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ብቸና ሄድሁ። መጻፍ ባውቅ ኖሮ ደብዳቤ ልኬ እገላገል ነበር። ፊደል የቆጠርሁት ከዚያ በኋላ፣ ሞጣ በማታ ትምህርት፣ ጢሜ ከሸበተ ወዲህ ነው። ስለዚህ በአካል መሄድ ግድ ሆነ። እናቱ እማማ የሺ መርዶውን ሰምተው፣ ተዝካሩንም አውጥተው ነበር። እፊቴ አላለቀሱም።

«ጾሙን ፈትቶ ነበር?» አሉኝ።

«አልፈታም። በዋዜማው ነው የሞተ።»

«ድርሻውስ?»

«እኔ በላሁት።»

ይረግሙኛል ብዬ ነበር። «ምን ደረሰው?» አሉ።

«ሽንጥ።»

«ሽንጥማ ነፍሱ ነው።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያ ስማ። የሱን አፍ የያዝህ አንተ ነህ። ከዘንድሮ ገና ጀምሮ እየመጣህ ድርሻውን እዚህ ትበላለህ። አንተ ሳትበላ እኔ አልፈታም።»

የሐዘን ወሬ መስሎኝ ነበር። የገና ማግሥት ከብቸና የመጣ ነጋዴ ሞጣ ገበያ ላይ ይዞኝ «ሴትዮዋ እስካሁን ቆሎ ነው የሚቆረጥሙ፤ ምን በድለውህ ነው?» አለኝ። ያኑ ዕለት በጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ስደርስ የነፍስ አባታቸው እየተቆጡ ነበር።

«የሺ፣ በጌታ ልደት ጾም የለም! ሥርዓት ታፈርሻለሽ?»

«የማርያም ልጅ ተወለደ፤ እልል ብያለሁ፣ አባ። የኔው ግን ገና አልፈታም።»

በሰፈራቸው ቅርጫ ሁለት ምልክት ነበር የሰጡት፤ አንዱ የራሳቸው፣ አንዱ የውብሸት ምልክት እንደ ነበር የነገርኋቸው የሚዶ ጥርስ። የሚዶውን ጥርስ መደብ ጠብሰው አቀረቡልኝ። በላሁ። እስክውጥ አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡና ጎረሱ።

በየዓመቱ እንዲህ ሆነ። ሚስቴ ስንዱ መጀመሪያ ሣቀችብኝ፤ ኋላ ግን ቤቱን ሁሉ በዚህ ደንብ አሰረችው። ወጡ ተሠርቶ ይቀመጣል፤ እኔ ከብቸና ደውዬ «ፈቱ» ሳልል ድስቱ አይከፈትም። «የሌላው ገና በደወል ይገባል፣ የኛ በስልክ» ትላለች። «እሱ ብቸና ሽንጥ ይቆርጣል፣ እኛ እዚህ ድስት እንጠብቃለን!» ትላለች፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ቀድማ አልቀመሰችም።

አምና መንገድ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ አገር ያውቀዋል። ሚኒባስ የለም፣ ስልክ የለም። ስንዱ «ይቅር፤ ይገባቸዋል» አለች። አይገባቸውም፤ አውቃቸዋለሁ። በእግሬ ወጣሁ፤ በግንደ ወይን አድርጌ፣ በደብረ ወርቅ አልፌ። ብቸና ስደርስ በዓሉ አልፏል። እማማ የሺ ከቤቱ የጭቃ መደብ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ነጥቷል። ሥጋው ከግድግዳው ላይ ቋንጣ ሆኗል።

«ዘገየህ።»

«መንገድ ተዘግቶ ነው፣ እማማ።»

«መቼ ተከፍቶ ያውቃል? ብላ።»

ቋንጣውን በላሁ። እሳቸውም አንድ ጉርሻ ወሰዱ፤ ጥርስ ስለሌላቸው ረጅም ጊዜ አኘኩት። ከዋጡ በኋላ «ከእንግዲህ ብዙ አላስቸግርህም» አሉኝ። «አስቸግረውኛል ብዬ አላውቅም» አልሁ። «ዋሾ» አሉኝ፤ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያኔ ነው። የኔ ልጆች ያን ገና የፈቱት ተመልሼ ሞጣ ስገባ ነው።

እማማ የሺ በክረምቱ ሞቱ። ስሰማ ተቀብረዋል።

ዘንድሮ ገና ሲደርስ ስንዱ «እንግዲህ ማንን ነው የምንጠብቅ?» አለችኝ። «ማንንም» አልሁ። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ አልፈርድባቸውም። ጠዋት ወደ ሰፈራችን ቅርጫ ስወጣ ከመስኮቱ ላይ የልጄን የቤዛን ሚዶ አነሣሁና አንድ ጥርስ ሰበርሁ።

«አባዬ! አዲሱን ሚዶዬን?»

«እገዛልሻለሁ።»

ቀለህና የሚዶ ጥርስ ሰጠሁ፤ ሁለት መደብ ይዤ ገባሁ። ስንዱ ሁለተኛውን አየችና ለብቻው ጠብሳ አመጣችው። «ብላ እንጂ» አለችኝ። «እኔ በቃኝ፤ እነሱ ይብሉት» አልሁ። ልጆቹን ከፊቴ አስቀመጥሁ። ሽንጥ አልነበረም፤ ጅማት የበዛበት ነው። ቤዛ ስለ ሚዶዋ እያጉረመረመች ጎረሰች፤ ወንድሟም ጎረሰ። እስኪውጡ አየኋቸው። ስንዱ በቀስታ «ፈቱ» አለች። ከዚያ እጄን ታጠብሁ።

በዚያ ኮረብታ ላይ ዘጠኝ ሰው ሞተብን። በሳምንቱ ጦራችን ኮረብታውን ለቆ ወረደ ሲባል ሰማሁ፤ ዛሬ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ዘጠኝ የምላችሁ በመደብ ስለ ቆጠርሁ ነው። ከነሱ የአንዱን እናት ብቻ አወቅሁ፤ ለቀብራቸውም አልደረስሁ። የስምንቱ እናቶች ጾሙን ፈትተው እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም።