አያቴ እርስዎ ሲሉኝ

አያቴ ሰውን ሁሉ «አንተ፣ አንቺ» እያሉ እኔን ብቻ «እርስዎ» ይሉኝ ነበር። እግሬ አይሄድም፤ ቃልም ቶሎ አይወጣልኝም። ጣና ዳር አያቴን ጀልባ ሊያሠሯቸው የሚመጡ ሰዎች፣ እኔ እናቴ አጠገብ ተቀምጬ እሷን፣ «ይቺ ልጅ ትሰማለች?» ይሏት ነበር። አያቴ መዶሻቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ይዞራሉ፤ «እመቤቴ፣ እርስዎን ነው፤ ይመልሱላቸው እንጂ!» ተናግሬ እስክጨርስ መዶሻው አይነሣም።

ለቅሷቸው ላይ አንዲት ሴትዮ እናቴን፣ «ምስኪን! መሞታቸውንስ ታውቃለች?» አለቻት። የአያቴ በርጩማ ባዶ ነው፤ ወደ እኔ የሚዞር የለም። ስለዚህ ራሴ መለስሁ፤ ድንኳኑ ሁሉ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ። የሞቱብኝ... እርስዎ የሚሉኝ ሰው ናቸው።»

ሴትዮዋ ደንግጣ ብድግ አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ።

እናቴ በለቅሶዋ መሀል ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።