በልጄ ኒካህ እግሬ ወደ ላይ

የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ እየሰገድኩ ነበር። ግንባሬን መሬት ካስነካሁበት ከሱጁድ ቀና ብዬ ልቆም ስል ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ባለቤቴና ጎረቤቶቼ በሁለት ብብቴ ይዘው አቁመውኛል። "ጠንከር በይ፣ ቁሚ!" ይሉኛል። እነሱ ባቆሙኝ ቁጥር እኔ እንደገና ራሴን እስታለሁ። ያን ጊዜ ፍርሃት ገባኝ። የልጄ ኒካህ ሊታሰር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሳልድራት ልሄድ ነው አልኩ።

እጄን የሚያንቀጠቅጠኝ ፓርኪንሰን የሚሉት በሽታ ከያዘኝ ሦስት ዓመት አልፎታል። የእጅ በሽታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። መካነ ሰላም ሐኪም ቤት ወጣቱ ሐኪም አስተኝቶ የደም ግፊቴን ለካ፤ አቁሞ ደግሞ ለካ። ስቆም ወርዶ አገኘው።

"እናቴ፣ በሽታው ልብ ድረስ የሚሄዱትን ነርቮችም ይነካል። ሰው ሲቆም ደም ወደ እግር ይወርዳል። ነርቮቹ ቶሎ ለልብና ለደም ሥር ካልነገሩ ደሙ ወደ ላይ አይደርስም። የእርስዎ ነርቮች መልእክት ይዘገያል።"

ቀስ ብዬ እንድነሳ፣ ከወደቅሁም አስተኝተው እግሬን ከፍ እንዲያደርጉ፣ በጭራሽ እንዳያቆሙኝ ነገረን። ልጄ አብራን ነበረች፤ አንድም አላመለጣት።

የኒካሁ ቀን የሙሽራው ሽማግሌዎች ከከላላ ደረሱ። "አሰላሙ አለይኩም" ብለው ሲገቡ፣ እኔ ለታላቅ ሰው ሳልነሳ መቅረት የት አውቄ፣ ብድግ! ቤቱ ዞረ።

"አንሷት፣ ደግፏት!" ይላል ሰው።

"ማንም እንዳያነሳት! አስተኟት!"

ልጄ ናት። ሙሽራዋ ራሷ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጥላ፣ ሁለት እግሬን አንስታ የትራስ ክምር ላይ ሰቀለችው። ሽማግሌዎቹ ፊት! ነፍሴ መለስ ሲል መጀመሪያ የታየኝ የገዛ እግሬ ነው።

"ያ ረቢ! ምን ጉድ አረግሽኝ፣ ሸፍኚኝ!"

"በጋቢ ሸፍኜሻለሁ እማ፣ ዝም ብለሽ ተኚ።"

የሽማግሌዎቹ ታላቅ እዚያው ምንጣፉ ላይ ዘርፈጥ አሉ። "በሉ ሁላችሁም ተቀመጡ! ልጅ ልንወስድ መጣን እንጂ እናት ልንጥል አልመጣንም። ለእኛ ብላ ዳግም ከተነሳች፣ ልጇን ትተንላት እንሄዳለን!"

"እንዲህማ ካላችሁ ቀኑን ሙሉ ስትነሳ ትውላለች!" አለ ባለቤቴ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ተኝቼ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ።

ኒካሁ እንደዚያው እንደተጋደምኩ ታሰረ። ልጄ ልትሰናበተኝ ስትመጣ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ውሃ ጠጣሁ፤ እግሬን አወዛወዝኩ። ከዚያ ክንዷን ይዤ ቆምኩ። አልጨለመብኝም።

"አብሽሪ ልጄ" አልኳት። "አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።"