በረንዳችን ላይ አምስት የአሳ ገንዳ

አስረኛ ክፍልን የጨረስኩ ዓመት፣ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ክረምቱን ጎጃም ቤተሰቡ ጋ ሊያሳልፍ ሲነሳ የአሳ ገንዳዎቹን የሚረከበው ሰው አጣ። በላቦራቶሪው አምስት የመስታወት ገንዳ አለ፤ ውስጣቸው ከሐይቅ በጀሪካን ያመጣቸው ቆሮሶ የሚባሉ ጣት የማያህሉ አሳዎች። የክፍላችን ወንዶች መሬት መሬት አዩ። እኔ እጄን አወጣሁ።

"የምትችይ ይመስልሻል?" አለኝ።

"ባልችል እጄን አላወጣም ነበር፣ ቲቸር።"

ገንዳዎቹ በጋሪ መጥተው በረንዳችን ደረጃ ላይ ከላይ እስከ ታች ተደረደሩ። በቆቦ ሙቀት ውሃው በየሳምንቱ ከፊሉ ካልተቀየረ ይሸታል፣ አሳውም ይሞታል። ውሃ ደግሞ ከቀበሌው ቦኖ ነው፤ ቦኖው የሚከፈተው ቀን እየዘለለ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት የሞኝ ሥራ ነው። በጣሳ እየጨለፍኩ አወጣለሁ፣ በባልዲ እየተሸከምኩ እሞላለሁ። በረንዳው ጭቃ፣ ቀሚሴ ጭቃ። ቦኖ ላይ ጎረቤታችን ታሾፍብኛለች።

"ዛሬም ለእንግዶችሽ ነው?"

"አዎ።"

"አንዱን ጠብሰሽ ብታቀምሽን እኮ ወረፋ እንለቅልሽ ነበር።"

እናቴ ግን አልቀለደችም። ለሶላት የምትታጠብበትን የውዱ ውሃ ገንዳ ውስጥ ስገለብጥ ደረሰችብኝ። "አንቺ ልጅ፣ ሰው የሚጠጣው አጥቶ አሳ ታጠጫለሽ? ጁምዓ ድረስ ታግሼሻለሁ። ከዚያ በኋላ በረንዳዬ ረጥቦ፣ እንስራዬ ጎድሎ ባገኝ፣ ወላሂ ወንዝ እደፋቸዋለሁ።" እናቴ ወላሂ ብላ የቀረችበት ጊዜ የለም።

በማግስቱ አጎቴ ከሮቢት ለገበያ መጣ። ገበሬ ነው፤ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ ያስተኛል። ባልዲዬን አይቶ ሳቀ።

"ውሃ ትሸከሚያለሽ እንዴ? ውሃ እግር አለው፣ የእህቴ ልጅ። መንገድ ስጪው።"

ይኸው ነው አልኩ። አስፋልቱ ዳር ከሚያድሩት የጭነት መኪና ሾፌሮች ናፍታ የሚስቡበትን ዓይነት አሮጌ ቱቦ ለመንኩ። "ናፍታችንን ልትሰርቂ ነው?" አሉኝ። ለአሳ ነው ስላቸው ተያዩና ሰጡኝ። በርሜላችንን አጎቴ ከደረጃው በላይ ግንቡ ላይ አወጣልኝ፤ በቦኖው ቀን ሞላሁትና ውሃው እንዲበርድ አሳደርኩት። ከዚያ ቱቦውን ቆራርጬ ገንዳውን ከገንዳ አያያዝኩ፣ በእኛ ቆላ ጎርፍ ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው እንደሚወርደው። በአፌ ሳብኩት። ውሃው ራሱ ሄደ። የሚያጨበጭብልኝ ብቻ ነው የጎደለኝ።

ጠዋት ሳይ የታችኛው ገንዳ አሳዎች አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ያለከልካሉ። የአራቱ ገንዳ ቆሻሻ እነሱ ላይ ወርዷል። እኛ አገር ደለል ሲሳይ ነው፤ ጎርፉ ጠርቶ ከመጣ ገበሬው ያዝናል። አሳ ግን ገበሬ አይደለም።

ነጣጠልኳቸው። ለእያንዳንዱ ገንዳ የራሱን ማውጫ ቱቦ ሰጠሁት፤ አንዱን ጫፍ ቆሻሻው ካለበት ከታች አስነካሁ፣ ሌላውን የእናቴ የበርበሬ መደብ ላይ ለቀቅኩ። ሲሶው ሲወጣ አቆማለሁ። ንጹሁን ውሃ ከበርሜሉ በአንድ ረጅም ቱቦ አመጣለሁ፤ አንዱ ሲሞላ ጫፉን በጣቴ ደፍኜ ወደሚቀጥለው። ጠብታ አትፈስም።

ጁምዓ ዕለት ወንዶቹ ከመስጊድ ሳይመለሱ አምስቱንም ጨረስኩ። እናቴ መጣች። በረንዳውን በእግሯ ጣት ነካችው፣ ደረቅ ነው። እንስራውን ከፈተች፣ ሙሉ ነው። በርበሬውን ልታጠጣ ሄዳ መደቡን ርሶ አገኘችው። ለበርበሬው ያስቀመጠችው ውሃ ተረፈላት። ባልዲውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

"ወንዙስ?" አልኳት።

"ዝም በይ" አለችኝ።

ማታ ያቺ ጎረቤታችን በአጥሩ ብቅ ብላ አሳዎቹ አልቀው እንደሆነ ጠየቀች። እናቴ በሩን ከፈተችላት። "ግቢና እዪ፣ ሁሉም አሉ። ውሃውን ልጄ ናት የምትመራው። መስታወቱን ግን እንዳትነኪ፣ ይደነግጣሉ።"

እኔ ፊቴን እንዳያዩት ዞሬ ቱቦ መጠቅለል ያዝኩ።