ላም ያልተሰጠባት ልጅ

ትናንት በሬዲዮ «ለአገሩ ሁሉ የሚሆን አንድ ሕገ መንግሥት ይጻፍ ወይስ ሁሉም በየልማዱ ይዳኝ?» እያሉ ሲከራከሩ፣ ልጄ ኛኩም ምሳዋን እየበላች «እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ከሦስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ምን እላለሁ? ሐሳቤ ግን ወደ ድሮው ሰፈራችን፣ ወደ ሙኑኪ ሄደ።

ደቡቡ ከሰሜኑ ተገንጥሎ ነፃነቱ ሊታወጅ ጥቂት ወራት ቀርተው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከኢትዮጵያ መጥቼ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ወጥ እሠራለሁ። ማንጎ በየመንገዱ ይረግፋል፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል አየሩ ሁሉ የበሰለ ማንጎ ይሸታል። አሁን ሳስበው ያ ወቅት ሕልም ይመስለኛል። ደንበኞቹ ሽሮ እየጠቀሱ በዚሁ ነገር ይሟገቱ ነበር።

«የኛ ሕግ ያለው በሽማግሌ ሆድ ውስጥ ነው፤ ወረቀት ምን ያደርግለታል!»

«ሽማግሌው ሲሞትስ? አብረን ልንቀብረው ነው?»

እኔም አብሬ እስቅ ነበር፣ በራሴ እስኪደርስ።

ባሌ ኢትዮጵያ በስደት ያደገ ኑዌር ነበር። ወባ ገደለብኝ። ዓመቱ ሳይሞላ ወንድሙ ጋትሉዋክ መጣና፣ «የሺ፣ ልጅቷ የኛ ደም ናት፤ ይዣት እሄዳለሁ» አለኝ። ኛኩም ገና ሁለት ዓመቷ ነበር።

ቡሉክ የሚባል ሰፈር፣ ዛፍ ሥር፣ በልማድ የሚዳኙ የኑዌር ሽማግሌ ፊት ቀረብን። እሳቸው ከኑዌርኛ ሌላ አይሰሙ፣ እኔ ኑዌርኛ አልሰማ። ኑዌርኛም አማርኛም የሚያውቅ ጋትሉዋክ ብቻ ነበር። የከሰሰኝ ሰው አስተርጓሚዬ ሆነ! ልጄን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት፤ ሙቀቷ እስካሁን እዚህ ጋ አለ።

ሽማግሌው አንድ ነገር ጠየቁት፤ አጭር መልስ ሰጠ። ከዚያ ቀስ ብለው ብዙ ተናገሩ። ከላይ ቅጠሉ ይንሿሿል።

«ምን አሉ?» አልኩት ጋትሉዋክን።

እግሩን እያየ፣ «ለእሷ ቤተሰብ የጥሎሽ ላም ሰጥታችኋል ወይ አሉኝ። አልሰጠንም አልኳቸው። እንግዲያው ልጅቷ የእናቷ ናት አሉ።»

«እውነት እንደዚያ አሉ?»

«እንደዚያ አሉ። ማሌሽ፣ ይቅር በይኝ የሺ፣ አስጨነቅኩሽ።»

ሌላ ነገር ቢለኝ በምን አውቅ ነበር? አንዲት ቃል ብቻ ቢያጣምም፣ ልጄን በገዛ እጄ አስረክቤው እመለስ ነበር። ሰው ሁሉ ጋትሉዋክ አይደለም፤ ስለዚህ ይጻፍ እላለሁ፣ ኛኩም ራሷ በዓይኗ እንድታነበው። ግን ደግሞ እፈራለሁ። ጸሐፊዎቹ የዚያን ሽማግሌ ጥያቄ ሳይጠይቁ «ልጅ የአባቷ ወገን ናት» ብለው ቢጽፉትስ? ወረቀት አንዴ ከተጻፈ፣ እንደኔ ያለችው እናት ማንን «ምን አሉ?» ትላለች?