በቅሎ የሚያሸጥ ብስክሌት፦ ከመሐል ሜዳ እስከ ቀየት ገበያ

ዓርብ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ መሐል ሜዳ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የብስክሌቱን ባትሪ ከብርድ ልብሴ ውስጥ አውጥቼ ገጠምኩት፤ ሌሊቱን አቅፌው ነው ያደርኩት። ብርድ ባትሪን ስለሚያደክም እንጂ ሌላ ፍቅር የለንም። አምስቱም መብራቶቹ በርተዋል፤ ሙሉ ነው ማለት ነው።

ይህን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ደብረ ብርሃን ባለው ጋራዤ በገዛ እጄ ነው የሠራሁት፤ እስከዚህ ያመጣሁት በአውቶቡስ ጭኜ ነው። ብዙ ደንበኛ ሞተሩ የኋላ ጎማ ውስጥ እንዲገባለት ይጠይቀኛል። ርካሽ ነው፣ ለአስፋልትም ይበቃል። ለመንዝ ግን እምቢ እላለሁ። እዚህ ሞተሩ ፔዳሉ ጋ ተገጥሞ በማርሽ ካልታገዘ ዳገት ላይ ይግላል፣ ይቃጠላል። ፍሬኑን በዲስክ ቀየርኩ፣ ከኋላ የብረት ዕቃ መጫኛ በየድኩ። ከሁሉ በላይ የምኮራው ግን መሪው ሥር በተከልኳቸው ስድስት የስልክ ቻርጅ ቀዳዳዎች ነው። ማንም እንዲህ አድርጎ አልሠራም!

የማደርሰው ዘመሮ ለሚኖሩት ልብስ ሰፊ ለእትዬ አስካለ ነው። እትዬ አስካለ የስፌት መኪናቸውን በበቅሎ ጭነው ገበያ ለገበያ ይዞራሉ። በቅሎዋ ከመኪናው ጋር እሳቸውን አትችልም፤ ስለዚህ በሚያማቸው ጉልበት አጠገቧ ይራመዳሉ። ሲደርሱ ገበያው ሞልቷል፣ ቦታውም ተይዟል። ነገ ቀየት ገበያ ላይ የበቅሎ ገዢ ቀጥረዋል። ብስክሌቱ እሳቸውንና መኪናቸውን ይዞ ከደረሰ በቅሎዋ ትሸጣለች፣ እኔም ብስክሌቴን እሸጣለሁ። ካልደረሰ ይዤው ወደ ቤቴ።

ዓርብ፣ 4 ሰዓት፣ ዘመሮ

ጠጠር፣ አቧራ፣ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ አጥር። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አጠገቤ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ነዳጅ የት ነው የምትሞላው?"

"አልሞላም!"

"ታድለህ! እኔ ሁለት ቀን ተሰልፌ ነው" ብሎ አቧራውን አልብሶኝ አለፈ።

ዘመሮ ስደርስ ገና ሦስት መብራት ነበረኝ። ለቀየት ይበቃል። ደግም ሆነ፣ ከተማው መብራት ካጣ ሦስተኛ ቀኑ ነውና የምሞላበት የለም። እትዬ አስካለ የገብስ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝ። ገና እጄን ሳልታጠብ ጎረቤታቸው ስልኳን ይዛ ብቅ አለች።

"ትንሽ ብቻ። ልጄ ከአረብ አገር ትደውላለች።"

እትዬ አስካለ አዩኝ።

"ኧረ ምን ችግር አለ!" አልኩ። ቀዳዳዎቼ ሥራ ሲይዙ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሰው መቁጠር ተውኩ። ስድስቱ ሲነቀሉ ሌላ ስድስት ይሰካል። ዲያቆኑ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ፤ ለቤተ ክርስቲያን ማን እምቢ ይላል? ሲመሽ አንድ መብራት ብቻ ቀርቶ ነበር። አየሁትና ባትሪውን በብርድ ልብሴ ጠቀለልኩት።

ቅዳሜ፣ 12 ሰዓት ተኩል፣ ከዘመሮ መውጫ

የስፌት መኪናውን ከብስክሌቱ ኋላ አሰርነው። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ባለፈው ወር ጋራዤ ድረስ መጥተው ሦስት ቀን እየወደቁ እየተነሡ ተምረዋል። እኔ በቅሎዋ ላይ ነኝ።

"ይበቃናል?"

"ይተርፋል እንጂ!"

እንደማይበቃ አውቅ ነበር። በራሴ ሥራ ፊት "አልቋል" ማለት አፍሬ ነው።

ሜዳውን ግን እንዴት ያለ አነዳድ ነዱት! አንድ ሽማግሌ ከመንገድ ዳር ጮኹ።

"አስካለ፣ ምንድን ነው የጋለብሽው?"

"ድርቆሽ የማይበላ በቅሎ!"

ቅዳሜ፣ 2 ሰዓት፣ ዳገቱ ሥር

ስደርስባቸው ቆመዋል። መብራቱ ጠፍቷል።

"እትዬ፣ ትናንት ማታ አውቄ ነበር" አልኩ። "ልነግርዎ አፈርኩ።"

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ።

"እኔስ? ስልኩ ሲበዛ እያየሁ ይበቃል ማለት አቃተኝ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ።"

መኪናውን በቅሎዋ ላይ እንጫን ብላቸው ደነገጡ። "ገዢ ላቧን ሊያይ? አይሆንም! ባዶዋን ትውጣ።"

እሳቸው በቅሎዋን እየሳቡ ቀስ ብለው ወጡ። እኔ ብስክሌቱን ከነመኪናው ገፋሁ። ለበቅሎዋ የተከለከለው ላብ እኔን አጠበኝ።

ቅዳሜ፣ 3 ሰዓት ተኩል፣ ቀየት

ገበያው ገና እየተዘረጋ ነው። እትዬ አስካለ ዙሪያቸውን አይተው አላመኑም። ሌላ ጊዜ የሚደርሱት አምስት ሰዓት ነው። ዛሬ ከጨው ነጋዴዎቹ አጠገብ የፈለጉትን ቦታ ያዙ። ወዲያው አንዱ የተቀደደ ካፖርት ይዞ መጣ።

ገዢው አቶ ሰይድ የሚባሉ ከቆላ የመጡ ነጋዴ ናቸው። የበቅሎዋን ጥርስ አዩ፣ ደረቷን ዳበሱ። ደረቅ ነው። እትዬ አስካለ ቃል ከመስጠታቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ።

"ዳገቱን ተገፍቶም በበቅሎዬ ከምደርስበት ሰዓት ቀድሞ አድርሶኛል። እወስደዋለሁ። ግን አንድ ነገር ታስተካክላለህ።"

"ትልቅ ባትሪ ልግጠምልዎ?"

"ባትሪው በተለቀ ቁጥር የሚመጣው ስልክ ይበዛል። ቀዳዳዎቹን ንቀልልኝ።"

"እትዬ! በጣም የለፋሁበት እኮ እሱ ነው።"

"አውቃለሁ ወንድሜ። እኔ ግን ሰው ፊት እምቢ ማለት አልችልም። በዚህ ዕድሜዬም አልማረውም።"

በቅሎዋ ተሸጠች። ባትሪውን መብራት ያለበት ሻይ ቤት ሰካሁና የሃያ ብር ሻይ እየጠጣሁ ስድስቱንም ነቀልኳቸው። ጥርሴን የነቀልኩ ያህል አመመኝ።

ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት፣ ዘመሮ

እኔ በጭነት መኪና ተሳፍሬ መጣሁ። እትዬ አስካለ በብስክሌቱ ቀድመውኝ በራቸው ላይ ቆመዋል፤ ሦስት መብራት ተርፏቸዋል። ጎረቤታቸው፣ ዲያቆኑና ሌሎችም ስልክ ስልካቸውን ይዘው ከበዋቸዋል። እትዬ አስካለ ባዶውን ቦታ በጣታቸው አሳዩ።

"ውይ! ይኸው፣ የለውም እኮ!"

"ምነው? ማን ነቀለው?"

ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ሰዉም ዞሮ አየኝ፤ ጎረቤታቸውማ ከንፈሯን መጠጠችብኝ። አንገቴን ደፋሁ። እየተነጫነጩ ሲበተኑ እትዬ አስካለ ብስክሌቱን ወደ ግቢ አስገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ ከዚያም በሁለት እጃቸው አጨበጨቡ።

"አየህ? ማንም ሳይቀየመኝ እምቢ አልኩ!"