እትዬ አሰለፈች ዝም ያሉ ቀን

እትዬ አሰለፈች መኪና ውስጥ ከገቡ አፋቸው አያርፍም። «ውይ፣ ያቺ ጉዲቱ በግራ በኩል ጋሪ አስጭና ስትሄድ! ይሄ ባጃጅ ደግሞ ምን ያስቆመዋል እፊታችን? ኧረ ቶኩማን እዩት፣ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ሙዝ ይልጣል!» የናዝሬት ሰፈራችን ሰው ሴትዮዋ ከሬዲዮ ይብሳሉ ይል ነበር። ከማንም አብልጬ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ባለቤታቸው ጋሽ ዘገዬ ሠላሳ አንድ ዓመት በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ነድተዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እኔ ጎሚስታ ቤት በር ላይ ወንበር አውጥተው እየተቀመጡ፣ ጎማ ስለጥፍ ጥፋቴን ይለቅማሉ። እትዬ አሰለፈች በዚያ ሁሉ ዘመን ባሕር አይተው አያውቁም። ከባሕሩ የደረሳቸው ብርድ ልብስና ቴምር ብቻ ነው። ገና በመጣ ቁጥር «ለከርሞ እወስድሻለሁ» ይባላሉ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ቁርጥ ሆነ። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ጋሽ ዘገዬ «ንዋይ፣ እስክሪብቶ ያዝ» አሉኝ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። መጀመሪያ በአሰላ በኩል ጭላሎ ተራራ ወጥቶ ብርዱን መቅመስ፤ ተመልሶ በመተሃራና በአዋሽ የአፋርን በረሃ ማቋረጥ፤ ከዚያ ባሕሩ። ኩርባውን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል።

«መተሃራ ልትገባ ስትል በስተግራ ትልቅ ግራር አለ። እሱ ጋ ፍጥነት መቀነስ ነው።»

«ጋሼ፣ ያንን ግራር እኮ ሐይቁ ሞልቶ ከዋጠው ቆየ። መንገዱም ዞሯል።»

እጃቸው የሻይ ብርጭቆውን ፍለጋ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ዳበሰ።

«ጻፍ ብያለሁ!»

ጻፍኩ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የጋሽ ዘገዬን ዲኤክስ መኪና አዲስ ጎማ ለመሞከር ወደ ሶደሬ ወጣን። ጋሽ ዘገዬ መሪውን ያዙ፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ከተማው ተቆፋፍሮ መግቢያ መውጫው ጠፍቷል። እትዬ አሰለፈች ወሬያቸውን ያወርዱታል። «እዚህ ቀኝ ላይ ደግሞ አሸዋ ደፍተውበታል፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» መሪው ወደ ግራ ዞረ። «ያቺ ሴትዮ ልትሻገር ነው መሰል።» ፍሬን ተያዘ። ወሬው ይቀድማል፣ መሪው ይከተላል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ።

መልካሳ ልንደርስ ስንል እትዬ አሰለፈች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጸጥ አሉ። ወደፊት ከብቶች አስፋልቱን ሞልተው ይሻገራሉ። ጋሽ ዘገዬ አልቀነሱም።

«አስሉ?»

ልጮህ ስል እትዬ አሰለፈች እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው ጉልበቴን ጨምቀው ያዙኝ።

«ምን ሆነሽ ነው? አውሪ እንጂ!»

ዝም።

«አስሉ፣ ፊት ለፊት ምን አለ?» ብለው ጮኹና ፍሬኑን ረገጡት። መኪናዋ አንዲት ጊደር ጋ ልትደርስ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ከኋላችን የነበረ ሲኖትራክ ጡሩምባውን እየለቀቀ ጎናችንን ታኮ አለፈ።

«ካላየህ ስንት ጊዜህ ነው?» አሉ እትዬ አሰለፈች።

«ቀኙ ሦስት ዓመቱ። ግራው ከፋሲካ ወዲህ ጭጋግ ነው።»

ተመስገን፣ ጉዞው ቀረ ብዬ ተነፈስኩ።

«ይኸው ነው፤ ከአፍህ ልስማው ብዬ ነው። በል እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሰው ስም እየጠራሁ አልደክምም። ግራ ስልህ ግራ፣ ቁም ስልህ ቁም። የገና ሳምንት ቅዳሜ እንነሳለን።»

«እትዬ፣ በእናትዎ! ኦሊቃ ይንዳላችሁ፣ ሾፌር ነው!»

«በጅቡቲ መስመር ከኋላ ተቀምጬ?» አሉ ጋሽ ዘገዬ። «ያኔ ሬሳዬን ይጫነው።»

እትዬ አሰለፈች ወደ እኔ ዞሩ። «ግራው ሳይከደን አብረን እንየው ነው የምለው። እሱ አብሮኝ የማያየውን ባሕር እኔ ብቻዬን አይቼ ምን አደርገዋለሁ? ለሊዲ ትንፍሽ ካልክ ግን አንተዋወቅም።» ሊዲ ሐዋሳ የምትሠራው ልጃቸው ናት።

ምላሴን ነክሼ ሰነበትኩ። ለእኔ ከጾሙ የባሰው እሱ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ዲኤክሷ በደጄ ወደ አሰላ አለፈች፤ «ቀኝ! ቀኝ! ቁም! አሁን ሂድ!» የሚለው ድምፅ እስከ አደባባዩ ተሰማኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሊዲ ደወለች። «ንዋይ፣ የአባዬ ስልክ ዝግ ነው። ማነው የሚነዳላቸው?»

አልቻልኩም። «ራሳቸው ናቸው። ሊዲ፣ አባትሽ አያዩም። እናትሽ ናቸው በአፋቸው የሚመሯቸው። አንቺ ብትለምኛቸው ይቆማሉ።»

እስኪያስላት ሳቀች። «አንተ ሰውዬ ይሄ ወሬ መቼ ነው የሚለቅህ? ባለፈው አባዬ ሁለተኛ ሊያገባ ነው ብለህ አስለቅሰኸኝ የለ?»

«በማርያም እውነቴን ነው!»

«ያኔም በማርያም ብለሃል» አለችና ሳቋ ሳያልቅ ዘጋችው።

እትዬ አሰለፈች ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል። ስልኩን ካነሱ የሚያወሩት ለእኔ እንጂ መሪውን ለያዙት እንዳልሆነ ትዝ አለኝ።

ሳያነሱት ዘጋሁት።